ቁጢጥ በልና አሽትት

አናጢ ነኝ። በር፣ መስኮት፣ ቁም ሣጥን፣ አንዳንዴ ጣሪያ እሠራለሁ። የዶሮ ቤት ግን እስከዚያ ጊዜ ሠርቼ አላውቅም ነበር። ሥራው ሲመጣ "ይቺማ ምን አላት" ብዬ ነው የተቀበልኩት። ለዶሮ ነው እኮ፣ ሳሎን አይደለም።

አሠሪዬ በዕድሜ ጠና ያሉ ሴት ናቸው፤ እትዬ እያልኩ ነው የምጠራቸው። ግቢያቸው ጥግ ላይ ለዓመታት የማይፈለግ ዕቃ ሲጠራቀምበት የኖረ አሮጌ ዕቃ ቤት አለ። 4 ሜትር በ5 ሜትር ነው። ግድግዳው ጣውላ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ወለሉ ሊሾ። አንድ በርና መሐረብ የምታክል አንድ መስኮት አለው። እንቁላል ለመጣል የደረሱ 60 ቄቦች ሊያስገቡበት ነው። አሰላሁት፤ በካሬ ሜትር 3 ዶሮ። ሰፊ ነው። በዚህ በኩል አልተሳሳትኩም።

ዕቃውን ስናወጣ ከሥሩ ግማሹ የፈሰሰ የፀረ ተባይ ጣሳ፣ የአይጥ መርዝና የደረቀ ቀለም ወጣ። እትዬ ጓንት አድርገው ራሳቸው ለቀሙት፤ ወለሉንም ሁለት ጊዜ አሳጠቡን። ከዚያ ግድግዳውን በጣታቸው እየዳሰሱ ዞሩ። ጣሪያው ሥር የወፍ ጎጆ ስለነበረ ቅንቅን ነው ያሳሰባቸው። ቅንቅን ቀን ስንጥቅ ውስጥ ተደብቆ ይውልና ሌሊት ወጥቶ የዶሮ ደም ይመጣል፣ የሚመጠው ባያገኝ እንኳ ለወራት ይቆያል።

"ልጄ፣ የጣውላውን ስንጥቅ ድፈንልኝ" አሉኝ።

እኔ የሰማሁት "ድፈን" የምትለውን ብቻ ነው። አናጢ ድፈን ከተባለ ይደፍናል። ስንጥቁን በሙጫና በሰጋቱራ ሞላሁ። እሱ ልክ ነበር። ችግሩ እዚያ ላይ አለማቆሜ ነው። ግድግዳው ከጣሪያው ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ፣ ቤቱን መጀመሪያ የሠራው ሰው አራት ጣት የሚያህል ክፍተት ትቶ ነበር። "ይሄን የመሰለ የተበላሸ ሥራ!" አልኩ። በሞራሌና በኮምፔርሳቶ ዙሪያውን ዘጋሁት፣ ቀሪውን ፎም ነፋሁበት። በሩ ሥርም ጎማ አደረግኩ። ስጨርስ በሩን ዘግቼ ውስጥ ቆምኩ። አንዲት ጭላንጭል የለም። ረዳቴን ጠርቼ ሁሉ አሳየሁት፣ ኩራት ቢጤ ይዞኝ ነበር።

(በነገራችን ላይ የእንቁላል መጣያ ሣጥኖቹን ከቆጡ በላይ ነበር የሰቀልኳቸው። ዶሮ ለማደር ከፍ ያለውን ቦታ ነው የምትመርጠው፤ ስለዚህ ሁሉም ሣጥን ውስጥ አድረው ሣጥኑን በኩስ ሞሉት። በሁለተኛው ቀን መጥቼ ዝቅ አደረግኳቸው። እትዬ ስቀው አለፉኝ።)

በሦስተኛው ሳምንት ስልክ ተደወለ። "ዶሮዎቹ ዓይናቸው እያለቀሰ ነው። ያስነጥሳሉ። አንዷማ ዓይኗን መግለጥ አቅቷታል። ና።"

ሄድኩ። ሰዓቱ እኩለ ቀን ነው፣ በሩ ከጠዋት ጀምሮ ክፍት ነው። ገባሁና ቆምኩ። ትንሽ የኩስ ሽታ አለ፣ ያው የዶሮ ቤት ነው። ቤቱን በየቀኑ የሚያጸዳውን ልጅ ጠየቅኩት፤ "እኔ ምንም አይሸተኝም" አለ። አልዋሸም፣ አፍንጫ ይለምዳል። እኔም እንደ ባለሙያ ግድግዳውን ሁለቴ ኳኳ አድርጌ "እትዬ፣ ቤቱ ምንም አልሆነ፤ በሽታ ይሆናል፣ ሐኪም ያሳዩዋቸው" አልኩ።

እትዬ ዝም ብለው አዩኝ። በሩን ዘጉት። ትንሽ ጠበቁና "ቁጢጥ በልና አሽትት" አሉኝ።

ቁጢጥ አልኩ። ፊቴ ከዶሮዎቹ ፊት እኩል ሆነ። መጀመሪያ አፍንጫዬን ወጋኝ፣ ቀጥሎ ዓይኔን ለበለበኝ፣ ሦስተኛውን ትንፋሽ ሳልስብ ተነስቼ በሩን በረገድኩ። እንባዬን እየጠረግኩ ውጪ ቆሜ ሳለ እትዬ "እነሱ እኮ እዚያ ነው የሚኖሩት" አሉ። ሌላ ምንም አልጨመሩም።

ከዚያ በኋላ ነው ነገሩን እግር በእግር የተከታተልኩት። ዶሮ ለብቻው ሽንት የላትም፤ የእኛ ሽንት የሚያወጣው ነገር በእሷ ነጩ ኩስ ላይ ነው ያለው። ያ ኩስ እርጥበት ሲያገኝ ባክቴሪያ ያፈርሰዋል፣ አሞኒያ ይወጣል። የሚወጣው ከጉዝጓዙ ስለሆነ በጣም የሚበረታው እዚያው ወለሉ አጠገብ ነው። ከሚሊዮን እጅ አየር 25 እጅ አሞኒያ ካለፈ ዶሮዋ ላይ ጉዳት ይጀምራል ይባላል፤ ዓይኗንም መተንፈሻዋንም ነው የሚይዘው።

እርጥበቱ ከየት መጣ? እኔ ጣሪያው የሚያፈስ መስሎኝ ነበር። ጠዋት በማለዳ ሄጄ ሳይ ቆርቆሮው በውስጥ በኩል ላብ ያላበው ይመስላል፣ ጠብ ጠብ ይላል። ዝናብ የለም። እትዬ ጋር ቁጭ ብለን አሰላነው። አንዲት ዶሮ በቀን 200 ሚሊ ሊትር አካባቢ ውኃ ትጠጣለች፣ ሲሞቅ ደግሞ ይጨምራል። ለ60 ዶሮ በቀን 12 ሊትር ማለት ነው። ትንሹ እንቁላል ውስጥ ይገባል፤ አብዛኛው በትንፋሽና በኩስ ተመልሶ ይወጣል። እና እኔ ምን አድርጌያለሁ? በየቀኑ አንድ ባልዲ ውኃ የሚደፋበትን ቤት እንደ ጀሪካን ከድኜዋለሁ።

ያ "የተበላሸ ሥራ" ያልኩት አራት ጣት ክፍተት ለካ መተንፈሻው ነበር። ከፊቴ የሠራውን ሰው ባገኘው ይቅርታ እጠይቀው ነበር።

በነጋታው ከረዳቴ ጋር ተመለስን። በሁለቱም ረጃጅም ግድግዳዎች ላይ፣ ከጣሪያው ሥር፣ ፊት ለፊት የሚተያይ 30 ሳንቲ ሜትር ቁመት ያለው ክፍተት ከፈትን። ከላይ መሆኑ ምክንያት አለው፤ ሞቃቱ እርጥብ አየር ወደ ላይ ይወጣል፣ ነፋሱ ደግሞ ቆጥ ላይ ያደሩትን ዶሮዎች ሳይመታ በራሳቸው በላይ ያልፋል። ዶሮ ደረቅ ብርድ ትችላለች፣ እርጥብ ብርድና ሽው የሚል ነፋስ ግን አትችልም። ክፍተቱን ቀዳዳው 13 ሚሊ ሜትር በሆነ ጠንካራ የወንፊት ሽቦ ሸፈንነው። ያ ቀጭኑ ባለ ስድስት ማዕዘን የዶሮ ሽቦ ዶሮዋን ከመውጣት እንጂ አውሬን ከመግባት ብዙ አያግድም። የውኃ መጠጫዎቹን ከፍ ባለ መቆሚያ ላይ አስቀመጥን። የረጠበውን ጉዝጓዝ እትዬና ልጁ አካፋ ይዘው አወጡ፣ ደረቅ የእንጨት ፍቅፋቂ ተነጠፈ።

በአራት ቀን ውስጥ ማስነጠሱ ቀነሰ። ቆርቆሮው ጠዋት ደረቅ ሆነ። እኔም ተገላገልኩ ብዬ ነበር።

እዚህ ላይ ነው ዋናው ጥፋቴ ያለው። የመጀመሪያውን አለማወቅ ልበለው፤ ይሄኛው ግን ዝርክርክነት ነው።

ሽቦውን ስንመታ ዶሮዎቹን አላወጣናቸውም ነበር። የት እናውጣቸው? ለአንድ ቀን ሥራ 60 ዶሮ ማባረር ደከመኝና "ይቅር፣ እነሱ ጥግ ይይዛሉ" አልኩ። አዲሱም ጉዝጓዝ አስቀድሞ ተነጥፎ ነበር። እኔና ረዳቴ መሰላል ላይ ቆመን በፒንሳ ሽቦ እንቆርጣለን፣ የተቆረጠው ጫፍ ቁልቁል ይረግፋል። ምስማርም ያመልጣል። ስንጨርስ ዓይናችን ያየውን ለቃቀምን። ፍቅፋቂ ላይ የወደቀ ቁራጭ ሽቦ ደግሞ ቆሞ ለሚያይ ሰው አይታይም። ለዶሮ ግን ይታያል። የሚያብለጨልጭ ትንሽ ነገር ሁሉ ለእሷ ሊቀመስ የሚገባው ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለእኔ ነው፣ ያውም ቆጡ ሥር ቆሜ።

ከ10 ቀን በኋላ እንደገና ስልክ። አንዲት ዶሮ ክንፏን ጥላ ኩርምት ብላ ሁለት ቀን ሳትበላ ቆይታ ሞተች። ሌሎቹም እንዳይከተሏት እትዬ የእንስሳት ሐኪም ጠርተው አስከፈቷት። በሽታ አልነበረም። ዶሮ ጥርስ ስለሌላት የምትውጠውን እህል የሚፈጭላት ጡንቻማ ሆድ አላት፣ ውስጡ በዋጠችው ጠጠር ነው የሚፈጨው። ያ ጡንቻ ሽቦ ሲያገኝም አይለይም፤ እንደ እህል ይጨምቀዋል። ሁለት ሳንቲ ሜትር የምትሆን የሽቦ ቁራጭ ግድግዳውን በስታ ወጥታ ነበር።

ያን ቀን ማንም ሳይጠራኝ ነው የሄድኩት። ከተበላሸ ትልቅ ድምፅ ማጉያ ላይ ማግኔት ፈትቼ እንጨት ላይ አሰርኩና ዶሮዎቹን በሙሉ አስወጥቼ ወለሉን እንደ ሕፃን በእጄና በጉልበቴ ዳህኩበት። ረዳቴ መጀመሪያ ይስቅ ነበር። ማግኔቱን ገልብጬ ሳሳየው ተወው። አንድ እፍኝ ሙሉ ነው የወጣው፤ የሽቦ ጫፍ፣ ሰባት ምስማር፣ እኔ የማላውቃት አንዲት የዛገች ብሎንም ነበረች። ከዚያም በኋላ ጉዝጓዙን በሙሉ አስወጣሁ፣ ምክንያቱም ማግኔት አሉሚኒየምና ነሐስ አይስብም፣ እኔም ያን ጊዜ ራሴን አላመንኩም። የእጅ ዋጋ አልተቀበልኩም። የዶሮዋንም ሂሳብ ከፈልኩ። እትዬ "ተው" አላሉም፤ ደስ አለኝ።

ስወጣ በሩ ላይ አስቁመውኝ ከኪሳቸው የክብሪት ቀፎ አወጡ።

"ይኸው ዕቃህ" አሉ።

ከፈትኩት። ሐኪሙ ከዶሮዋ ሆድ ያወጣት ሽቦ ናት፣ ጥጥ ላይ ተቀምጣ። እስካሁን የመሣሪያ ሣጥኔ ውስጥ፣ ከማግኔቱ ጋር ተጣብቃ አለች።