የቪለላ ራስ ቅል

ዛሬ ሰሜን ጣሊያን፣ ቱሪን ያለውን የሎምብሮዞ ሙዚየም አየሁት። ሎምብሮዞ «ወንጀለኛ ወንጀለኛ ሆኖ ይወለዳል፤ በራስ ቅሉም ይለያል» ያለው ሐኪም ነው። አብራኝ የምትሠራው የካላብሪያ ልጅ «እዚያ ቤት ድርሽ አልልም» ብላኛለች። አልፈርድባትም። ፋብሪካ ፍለጋ ወደ ሰሜን የመጡት አያቷ እዚሁ ከተማ በር ላይ «ለደቡብ ሰው ቤት አናከራይም» የሚል ማስታወቂያ አንብበዋል።

ቼዛሬ ሎምብሮዞ ወጣት የጦር ሐኪም ሳለ በ1862 (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው) ካላብሪያ ተመድቦ ነበር። የጣሊያን ደቡብ ጫፍ ናት፤ በባሕር የመጣ ሁሉ ረግጧታል። ግሪኮች ከተማ ቆረቆሩባት። ሮም ገዛቻት፣ ቢዛንታይን ቀጠለ። ዐረቦች አማንቴያን ይዘው ተቀመጡ፣ ኖርማኖች መጡ። ኋላም ከኦቶማን የሸሹ አልባኒያውያን ተራራው ላይ ሰፈሩ፤ ቋንቋቸው ዛሬም አለ። በቦቫ በኩልም ግሪክኛ ጨርሶ አልጠፋም።

ሎምብሮዞ የግሪኮቹንም የአልባኒያውያኑንም መንደር ጽፏል። በኋላ ግን በካላብሪያ፣ በሲሲሊና በሰርዲኒያ ግድያ የበዛው ከአፍሪካና ከምሥራቅ በመጣ ደም ነው አለ። ግሪኮቹን ብቻ ነፃ አወጣቸው! ይህን ያህል ከተደባለቀ ሕዝብ ገዳዩን ጠብታ በምን ለየው? ደግሞ እሱ ራሱ የአይሁድ ቤተሰብ ልጅ ነው።

በዚያ ሰሞን ደቡቡ በሽፍታ ተሞልቶ ነበር። ጣሊያን በ1861 አንድ ስትሆን ገበሬው ያገኘው አዲስ ግብርና የግዳጅ ውትድርና ነው፤ የጠበቀው መሬት አልመጣም። ሽፍትነትን ደም ውስጥ መፈለግ ምን አመጣው? በእኛ አገር ቋራ ሸፍቶ የነበረው ካሳ ኃይሉ በዚያው በ1862 አፄ ቴዎድሮስ ተብሎ ዙፋን ላይ ነበር። ሎምብሮዞ ቢያገኘው ግንባሩን ሳይለካ አይለቀውም!

የራስ ቅሉ ባለቤት ቪለላ የካላብሪያዋ የሞታ ሳንታ ሉቺያ መንደር ሰው ነው። በስርቆት ታስሮ በ1864 ፓቪያ ውስጥ ሞተ። ሎምብሮዞ ከራስ ቅሉ ኋላ፣ ከሥር፣ ጎድጎድ ያለች ቦታ አገኘ። የታችኞቹ እንስሳት ምልክት ናት ብሎ «ሲፈጠር ወንጀለኛ» የሚለውን ሐሳቡን ገነባባት። በ1876 መጽሐፍ አድርጎ አወጣው፤ በብዙ አገርም ተከታይ አገኘ።

ሙዚየሙ ራሱ አሁን ሐሳቡ ስሕተት እንደነበር ይናገራል። የሎምብሮዞም አፅም በኑዛዜው መሠረት እዚያው ቆሟል። እኔን ብዙ ያቆየኝ ግን የእስረኞቹ የውኃ እንስራ ነው። ወረቀት የሌለው እስረኛ ሸክላውን እየፋቀ ሥዕልና ቃል ጽፎበታል። ሎምብሮዞ ጭንቅላታቸውን ከሚለካ ይህን እንደ ሰው ቃል ቢያነበው ስንት ነገር ባወቀ።

የቪለላ አገር ሰዎች ቅሉ ይመለስልን ብለው ከሰሱ። በ2012 ተፈረደላቸው፣ በ2017 ይግባኝ ላይ ተሻረ፣ በ2019 የመጨረሻው ፍርድ ቤት ሙዚየሙ ጋ ይቆይ አለ። እኔ ብሆን እመልስ ነበር። ለጎብኚ ቅጂው ይበቃል፤ የሚቀብረው ወገን እያለ ሰው መስታወት ውስጥ ምን ያደርጋል?