ወተቱን ያተረፍኩ ዕለት

ፓስፖርት የለኝም። ከሐዋሳ ርቄ የሄድኩት እስከ ዲላ ነው፤ እሱም ለለቅሶ። ግን በአምስት ቋንቋ «ሽንት ቤት የት ነው?» ብዬ መጠየቅ እችላለሁ። ማታ ማታ አልጋዬ ላይ ተጋድሜ በስልኬ ነው የምማረው። እህቴ በግድግዳው ማዶ ስትሰማኝ «ይሄ ልጅ ዛሬም ሆዱን አሞታል» ትላለች።

ስለዚህ እማዬ ሰርቪሷን ለአንዲት ስሪላንካዊት ስታከራይ ከቤቱ ሰው ሁሉ በላይ የፈነጠዝኩት እኔ ነኝ። ሴትዮዋ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ የስፌት አሠልጣኝ ናት። ፓርኩ ሐምሌ 2008 ከተመረቀ ወዲህ የውጭ ሰው ለሐዋሳ ብርቅ አይደለም። ግቢያችን ድረስ ሲገባ ግን ሌላ ነው። ዓለም ራሷ በእግሯ መጣችልኝ። ቪዛ የለ፣ ትኬት የለ።

ሲንሃላ የሚባለውን ቋንቋዋን በዚያው ሳምንት ጀመርኩ። «አካ» ማለት ታላቅ እህት ነው፤ እኔም አካ አልኳት። «አማ» ማለት እናት ነው። እማዬን «አማ» ስትላት እማዬ ቀለጠች። «እማ አለችኝ እኮ! ማን አስተማራት?» ማንም አላስተማራትም፣ የራሷ ቋንቋ ነው ብዬ ባስረዳ የሚሰማኝ አጣሁ። እኔን ግን «ማሊ» አለችኝ። ታናሽ ወንድም ማለት ነው። የሰፈር ልጆች ይህን ሰሙ። አሁን ሱቅ ስሄድ «ባማኮ መጣ!» ነው የሚሉኝ።

ፊደላቸው ክብ ክብ ነው፤ የእንጀራ ዓይን ይመስላል። ድሮ በዘንባባ ቅጠል ላይ በሹል ነገር ይጽፉ ስለነበር ቀጥ ያለ መስመር ቅጠሉን እንዳይቀደው ነው ይባላል። ደግሞ አሠራሩ እንደኛው ነው። «ከ» ላይ የሆነ ጭራ ስትቀጥልበት «ኪ» ይሆናል፣ ሌላ ስትቀጥልበት «ኩ»። ሀሁ ገበታ አውጥቼ ባሳያት «ዘመዳሞች ነን» ያለችኝ መሰለኝ። መሰለኝ ነው።

የጭንቅላቱ ጉዳይ ትንሽ አስቸግሮን ነበር። እማዬ «ቡና ትጠጫለሽ?» ስትላት አካ ጭንቅላቷን ግራና ቀኝ ወዝወዝ ታደርጋለች። እማዬም «እሺ፣ ካልሽ ይቅር» ትላለች። ምስኪኗ ሦስት ቀን ሙሉ ጭሱን ብቻ እያሸተተች ከረመች። ለካ ያ ውዝዋዜ «አዎ» ነው! በሌላ በኩል እማዬ «አዎ» ለማለት ትንፋሿን «ህእ!» ብላ ወደ ውስጥ ስትስብ አካ ሰው ታነቀ ብላ ውሃ ይዛ ሮጣለች። ሁለቱንም እኔ ነኝ ያስተካከልኩት። ራሴን እንደ አስተርጓሚ ማየት የጀመርኩትም ያኔ ነው። መዘዙ ከዚያ ይጀምራል።

የሲዳማ አዲስ ዓመት፣ ፊቼ ጫምባላላ፣ ደረሰ። አካን ይዤ በዓሉ ወደሚከበርበት አደባባይ፣ ጉዱማሌ፣ ሄድኩ። ሰው እንደ አሸዋ ነው። ሽማግሌዎቹ ቄጣላውን፣ የሲዳማን የባህል ጭፈራ፣ ሲያወርዱት መሬቱ ከሥር ይሰማሃል። በዓሉ እንደ አውሮፓውያኑ በ2015 በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ እንደተመዘገበ ነገርኳት። አግብታ በየዓመቱ ወላጆቿን ልትጠይቅ ከቆጮና ከቅቤ የሚሠራውን ቡርሳሜ ይዛ ትመጣ ስለነበረችው ሴት የሚነገረውንም አወራኋት። ማታ ጎረቤቶቻችን ጠሩን። ልጆች «አይዴ ጫምባላላ!» እያሉ ከቤት ቤት ይዞራሉ፤ ቡርሳሜው በቅቤ ርሶ ቀረበ። እማዬ ጾም ይዛለች። እጇን አጣጥፋ ቅቤውን በዓይኗ ብቻ ሸኘችው።

ታዲያ የፊቼን ቀን የሚቆርጡት ከዋክብት የሚያዩት አያንቱዎች ናቸው ስላት አካ ከመቀመጫዋ ተነሳች። «እኛም! እኛም!» የእነሱ አዲስ ዓመት ሚያዝያ 5 ወይም 6 ላይ ነው የሚውለው፤ ፀሐይ ከሑት ወጥታ ሐመል ስትገባ። ኮከብ ቆጣሪዎቻቸው ደግሞ ቀኑን ብቻ አይደለም የሚነግሯቸው። እሳቱ በስንት ሰዓት ከስንት ደቂቃ እንደሚለኮስ፣ ወዴት ዞሮ፣ ምን ዓይነት ቀለም ተለብሶ፣ የመጀመሪያው ጉርሻ መቼ እንደሚበላ፣ ሁሉንም ነው። በአሮጌውና በአዲሱ ዓመት መካከል ደግሞ «ኖናጋቴ» የሚሉት ወደ 13 ሰዓት የሚጠጋ ጊዜ አለ። የማንም አይደለም። ሥራ የለም፣ እሳቱም እስኪለኮስ ድረስ ምግብ አይሠራም። ይህን ለእማዬ ስተረጉምላት አፍታም አልቆየች።

«ጳጉሜን በላ!»

በቃ፣ በዓሉ እኛ ቤት እንዲከበር ተወሰነ።

እማዬ ከገበያ አዲስ የሸክላ ድስት ገዛች። አካ እንዲያውም አዲስ ሸክላ ነበር የምትፈልገው። ግን በዓሉ የሚከፈትበትን ወተት ወዲያው ልታደርግበት ስትል እማዬ ድስቱን ከእጇ ነጠቀችው። «ሳይሟሽ? ሊፈነዳ ነው እንዴ?» ሁለት ቀን ሙሉ በጎመን ዘር ስታሟሸው ከረመች። አካ ይህንንም ከኮከብ ጋር የተያያዘ ሥርዓት መስሏት በጥሞና ትከታተል ነበር።

ሰዓቱን እኔ ያዝኩ። ከኮሎምቦ በስልክ የመጣላት ወረቀት ላይ እሳቱ የሚለኮሰው 9:07 ይላል። ይህማ ቀላል ነው። ስድስት ትቀንሳለህ፣ ከጠዋቱ 3:07። ወተት የምታመጣልንን ሴትዮ «ሁለት ሰዓት ላይ ድረሺ» አልኳት። ዋዜማው ማታ እህቴ ስልኳን እየነካካች፣ ቀና እንኳ ሳትል፣ «ኮሎምቦና ሐዋሳ ሰዓታቸው አንድ ነው እንዴ?» አለችኝ።

አንድ አይደለም። በሁለት ሰዓት ተኩል ይቀድሙናል። ከዚያ ተኩል ጋር እንዴት እንደታገልኩ እኔ ነኝ የማውቀው። 9:07 ማለት እዚህ በፈረንጅ 6:37፣ በእኛ 12:37። በሌላ አነጋገር ወፍ እንደተንጫጫ። ወተቱ ደግሞ ሁለት ሰዓት ላይ ነው የሚመጣው።

ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ጆግ ይዤ ከኋላችን ያለውን ሰፈር በር ላንኳኳ ወጣሁ። ላም ያላቸው ሰዎች አሉ። በጾም ወተት የሚፈልግ ስለሚጠፋ አባወራው በጥርጣሬ አዩኝ። «ለማን ነው?» አሉኝ። «ለስሪላንካ አዲስ ዓመት» አልኳቸው። ዝም ብለው ቀዱልኝ። በዚያ ሰዓት ከእንዲህ ያለ ሰው ጋር ማን ይከራከራል?

ስመለስ ሁሉ ነገር ተሰናድቷል። አካ አዲስ ልብስ ለብሳለች። ከሰሉ ምድጃ ላይ ተደርድሯል፤ ክብሪቱን ብቻ ይጠብቃል። ወደ ደቡብ መዞር ነበረባት። ሐይቁ በስተ ቀኝሽ ይሁን አልኳት፤ እሱ እንኳ ትክክል ነበር። ከዚያ ስልኳን ሰጠችኝና በቪዲዮ ደወለች። ኮሎምቦ ቤት ሞልቷል። አሮጊት እናቷ ከፊት፣ እህቶቿ ከኋላ፣ አንድ ሕፃን አፉን ከፍቶ። የእኛን ሊያዩ ተሰብስበዋል። «አንተ ድስቱን ብቻ አሳይ» አለችኝ። ልክ በደቂቃዋ ለኮሰች። ስልኩን ከድስቱ በላይ ቀጥ አድርጌ ያዝኩ። ወተቱ ይሞቃል። እኔም እንደ ጋዜጠኛ ቆሜያለሁ።

አሁን እዚህ ላይ ስለ ወተትና ስለ እኔ አንድ ነገር ልናገር። ልጅ ሆኜ የተመታሁት ከሞላ ጎደል በወተት ነው። «ወተቱን ጠብቅ» ተብዬ ኳስ ሳይ ይገነፍላል፤ ከዚያ ያው። ሃያ ዓመት አለፈው። ዛሬም ወተት ከዳር ዳር ቆዳው ሸብሸብ ሲል፣ መሐሉ እንደ ሊጥ እብጥ ሲል፣ ሰውነቴ እኔን አይጠይቅም። ራሱ ይንቀሳቀሳል።

ሸብሸብ አለ። አበጠ። ከንፈሩ ጋ ደረሰ።

«እፍፍፍፍ!» አልኩበት።

አረፋው ወረድ አለ። እንደገና መጣ። አካ የሆነ ነገር ጮኸች፤ «ኤፓ! ኤፓ!» ከስልኩም ውስጥ ያ ሁሉ ሰው «ኤፓ! ኤፓ!» ይላል። ቃሉን አላውቀውም፤ ግን ከድምፁ «ጎበዝ! ድረስለት!» ነው ብዬ ወሰድኩት። በእንዲህ ያለ ጊዜ ሌላ ምን ይባላል? የሸሚዜን ጫፍ ጠቅልዬ ድስቱን በአንድ እጄ ብድግ አደረግሁት። አንዲት ጠብታ አልፈሰሰችም። አንዲት! ስልኩን ወደ ፊቴ አዙሬ፣ ላብ በላብ ሆኜ፣ ለኮሎምቦ ሕዝብ «ኢስቱቲ» አልኩ። አመሰግናለሁ ማለት ነው።

ማንም አልመለሰልኝም። አሮጊቷ አፋቸውን በእጃቸው ይዘዋል። ሕፃኑ ብቻ ሳቀ።

ለካ ወተቱ መገንፈል አለበት! በዓሉ እሱ ነው! ቤቱ ዓመቱን ሙሉ ሞልቶ እንዲፈስ ነው ወተቱን የሚያገነፍሉት። ከኮከብ ቆጣሪ ደቂቃ የተቀበሉት፣ ድስቱ የተሟሸው፣ እኔ ሌሊት በር ያንኳኳሁት፣ ወተቱ እንዲፈስ ነው። እኔ ደግሞ የአንድ ቤተሰብን የዓመት በረከት እፍ ብዬ መለስኩት። «ኤፓ» ማለት «ተው» ነው። ስልኬ ላይ ያለው ትምህርት ሽንት ቤቱን አስቀድሞ «ተው»ን ለምን ወደ ኋላ እንዳስቀረው አሁንም አይገባኝም።

ለእማዬ ተረጎምኩላት። ዓይኗን አፍጥጣ አየችኝ። «ዕድሜህን ሙሉ ስታስገነፍል ኖረህ ዛሬ አዳንከው?» አለች። ድስቱን ከእጄ ተቀብላ ከሰሉ ላይ መልሳ ጣደችው፤ ማራገቢያ አነሳች። ያቺ ሴትዮ ማራገብ ስትጀምር ምድጃ ይፈራታል። ወዲያው ወተቱ ተነሳ። ሰማይ ሊነካ ነው የወጣው። በአራቱም ጎን ግጥም ብሎ ፈሰሰ፤ ከሰሉ «ጭስስስ» አለ፣ ግቢው በተቃጠለ ወተት ሽታ ታጠነ። በስልኩ ውስጥ ኮሎምቦ አጨበጨበ።

ይሄኔ የግቢው በር ብርግድ አለ።

«ወተታችሁ ገነፈለ! የት ሄዳችሁ ነው? ኧረ ጉድ!» ጎረቤታችን እትዬ ናቸው። ሽታውን ተከትለው ነጠላቸውን ሳያጣፉ ደረሱ። ማብራሪያ የሚጠብቁ ሴት አይደሉም። ወደ ምድጃው ሲምዘገዘጉ አየኋቸው። ድስቱ ላይ ሊደርሱ ሁለት እርምጃ ቀራቸው። እጄን ዘርግቼ ከፊታቸው ቆምኩ፤ ከአፌ የወጣው ግን አማርኛ አልነበረም።

«ኤፓ!»

እትዬ ቀጥ አሉ። ቀስ ብለው ወደ እማዬ ዞሩ። «ምን ሆኖ ነው ልጅሽ? ጸበል ውሰጂው እንጂ።»

የቀረው በሰላም አለቀ። አካ በወተት የሚቀቀለውን የሩዝ ምግባቸውን፣ ኪሪባቱን፣ ሠራች። እማዬ ምርመራ አካሄደች። «ወተቱ የምንድን ነው?» የኮኮናት ነው፤ በዱቄት መልክ በሻንጣ የመጣ። «የዛፍ ነው በለኛ! ታዲያ ጾምኮ ነው።» እንደ ዳቦ ተቆራርጦ ቀረበ፤ ከጎኑ የሚያቃጥል የበርበሬና የሽንኩርት ነገር አለው፣ የዳጣ ዘመድ ነው። ሌላዋን ደቂቃ ጠብቀን ልንበላ ስንል አካ መጀመሪያ በእጇ ቆርሳ ለእማዬ አጎረሰቻት። እነሱም ያጎርሳሉ! ይህን ማንም አልነገረኝም ነበር። እማዬ አጉርሳት መለሰችላት። እትዬም ተጎረሱ፤ ሁለት ጊዜ። አንድ ጉርሻ ያጣላል ብለው።

ለታላላቆች የሚሰጥ የቡላት ቅጠል የሚባል አለ፤ የሚታኘክ ነው። እዚህ አይገኝም። እኔ «የሚታኘክ ቅጠል ከሆነ ሐዋሳ ምን ጠፍቶ» ብዬ ነበር። እማዬ አየችኝና ዝም አልኩ። ከጓሮ የአቮካዶ ቅጠል ቆርጬ አመጣሁ። አካ ቅጠሉን ይዛ እማዬ ፊት ስትንበረከክ እማዬ «ኧረ በእግዜር! ተነሺ!» እያለች ብብቷን ይዛ ልታነሳት ትታገላለች፣ አካም ሥርዓቷን ላለማፍረስ ትታገላለች። ኮሎምቦ ይህንንም አይቶ አጨበጨበ።

ባለፈው እሑድ ፋሲካ ካለፈ በኋላ እማዬ «ወተቱን ጠብቅ» ብላኝ ወጣች። ኳስ ነበር። ሽታው ሲመጣ እያየሁት ነው ምድጃው ነጭ የሆነው። እማዬ በር ላይ ቆመች። እኔም ደረቴን ነፍቼ፣ «ሱባ አሉት አውሩዳክ ዌዋ!» አልኳት። መልካም አዲስ ዓመት ማለት ነው።

ጨርቁን ፊቴ ላይ ወረወረችልኝ።