ቆርቆሮ ላይ የሚዘፍኑ ድመቶችን እንዴት ሳልኳቸው

የሚሮጥ ድመት መሳል አያስቸግርም። እግሩን ትዘረጋለህ፣ ትሰበስባለህ፣ በቃ። የሚዘፍን ድመት ግን ሌላ ጣጣ ነው። አፉ፣ ደረቱ፣ ጅራቱ፣ ሁሉም ለዘፈኑ መታዘዝ አለበት። ሁለት ድመቶች ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ወጥተው ጎረቤት እንቅልፍ የሚነሱበት የ36 ሰከንድ አኒሜሽን ለመሥራት ስነሳ፣ አስተማሪ አድርጌ የያዝኩት አንድ የድሮ ካርቱን ነው።

«ባክ አሊ ኦፕሮር» ይባላል። ዋርነር ብራዘርስ የሚባለው የአሜሪካ ፊልም ስቱዲዮ እ.ኤ.አ. በ1948 ያወጣው፣ ፍሪዝ ፍሬለንግ ያዘጋጀው፣ ሰባት ደቂቃ ገደማ የሚፈጅ ፊልም ነው። ታሪኩ እዚህ ግባ አይባልም። ኤልመር ፈድ የሚባል ሰውዬ መተኛት ይፈልጋል፣ ሲልቬስተር የሚባለው ድመት ደግሞ መዝፈን። ፍሬለንግ ይህንኑ ሐሳብ በ1941 በጥቁርና ነጭ ሠርቶት ነበር። ያኔ እንቅልፍ ያጣው አሳማው ፖርኪ ነው። ከሰባት ዓመት በኋላ በቀለም ደገመው። ሰውየው የራሱን ቀልድ እንዴት እንዳጠራው ማየት የፈለገ ሁለቱን አከታትሎ ይያቸው።

እኔ መጀመሪያ ድምፁን አጥፍቼ አየሁት። ቀጥሎ ስክሪኑን ሸፍኜ ድምፁን ብቻ ሰማሁ። ከዚያ ነው አንድ አንድ ፍሬም (የፊልሙን ነጠላ ምስል) እየገፋሁ የቆጠርኩት።

ሲልቬስተር መጀመሪያ የሚዘፍነው ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። ሮሲኒ ከጻፈው፣ በ1816 ሮም ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ከታየው «የሴቪሊያው ፀጉር አስተካካይ» ኦፔራ የፊጋሮን መግቢያ ዘፈን ነው የሚያንቆረቁረው። ቀልዱ ደግሞ ድመቱ አለመቀለዱ ነው። ኖታ ማስቀመጫውን አቁሞ፣ ደረቱን ነፍቶ፣ እንደ ትልቅ የመድረክ ሰው ነው የሚጀምረው። ድመቱ እየሳቀ ቢዘፍን እኛ አንስቅም ነበር። የኔ ድመቶች ሲዘፍኑ ፊታቸው ኮስተር እንዲል የወሰንኩት ከዚህ ተነስቼ ነው።

ከሁሉም በላይ የጠቀመኝ ግን ጭራሽ ዘፈን የሌለበት ክፍል ነው። ሲልቬስተር ጫማ አጥልቆ፣ ሊስት በሚባለው አቀናባሪ የፒያኖ ሙዚቃ፣ በሁለተኛው የሃንጋሪ ራፕሶዲ፣ ደረጃውን እየረገጠ ይወጣል፣ ይወርዳል። አፉን አልከፈተም። ግን እየዘፈነ ነው፤ በእግሩ። ከዚህ በኋላ አፍ ላይ ማፍጠጤን ተውኩ። (በነገራችን ላይ ይህ የሊስት ሙዚቃ በካርቱን ሠሪዎች መካከል ጠብ አስነስቷል። ፍሬለንግ በ1946 ጥንቸል ፒያኖ ላይ አስቀምጦ ሲያስጫውተው፣ ኤምጂኤም የሚባለው ሌላው ስቱዲዮ ደግሞ በዚያው ሰሞን ቶም የሚባለውን ድመት በዚያው ሙዚቃ ፒያኖ ላይ አስቀመጠው። ሐሳቤን ሰረቅህ መባባል መጣ። ኦስካሩን የወሰደው ቶም ነው።)

በዚያን ዘመን የነበረው አሠራር ለኔም ሠርቶልኛል። ገጸ ባሕርይ የሚዘፍንበት ቦታ ካለ ድምፁ አስቀድሞ ይቀረጻል፣ ስዕሉ ይከተላል። ፍሬለንግ ሙዚቃ ስለሚያውቅ የእንቅስቃሴውን ጊዜ የሚያሰላው በኖታ ወረቀት ላይ ነበር። የስቱዲዮው አቀናባሪ ካርል ስታሊንግ ደግሞ ድምፅ በሌላቸው ፊልሞች ዘመን ካንሳስ ሲቲ ሲኒማ ቤት ውስጥ ኦርጋን ይጫወት የነበረ ሰው ነው። ሙዚቀኞቹ ከምስሉ እንዳይዛነፉ በጆሯቸው «ቲክ፣ ቲክ» የሚል ምት እየሰሙ እንዲጫወቱ ማድረግን ካስጀመሩት አንዱ እሱ ነው።

እኔ ኦርኬስትራ የለኝም። ስልክና ድምፅ ያለው ጓደኛ ነው ያለኝ። ግጥሙን ራሴ ጻፍኩት፦

ጎረቤት ተነሳ ጨረቃ ወጥታለች፣
ድመት ዝም ካለችማ አይጥ ትስቅባታለች።

ስድስት ስድስት ቀለም (ክፍለ ቃል) የሚመታ ግጥም ነው። ዜማውን በችክችካ አደረግሁት። ችክችካ 6/8 ነው፣ እያንዳንዱ ምት ለሦስት ይከፈላል፤ የፊጋሮው ዘፈንም እንደዚያው። እዚህ ላይ ሒሳቡ ደስ ይላል። ፊልም በሰከንድ 24 ፍሬም ነው። በደቂቃ 80 ምት ከመረጥክ አንዱ ምት 18 ፍሬም ይሆናል። 18 ለሦስት ሲካፈል 6 ነው። ስለዚህ እያንዳንዷ ቀለም 6 ፍሬም ትይዛለች፣ ግማሽ ስንኝ 36 ፍሬም፣ ማለትም አንድ ሰከንድ ተኩል። ምንም ኮተት የለውም። 120 ምት ቢሆንም ይካፈላል፤ ግን ለአንድ ቀለም 4 ፍሬም ብቻ ይደርሳታል፣ አፉም ይንተባተባል። አንዱን ስዕል ለሁለት ፍሬም ስለማቆይ፣ በ80 ምት ለአንዷ ቀለም ሦስት ስዕል አለኝ። ይበቃል። ሙሉው ፊልም 864 ፍሬም፣ 432 ስዕል ነው።

ቀረጻው ቁምሳጥን ውስጥ ነው የተካሄደው። በሩ ላይ ጋቢ ሰቅለን፣ ምቱን በጆሮ ማዳመጫ ከፍተን፣ ጓደኛዬ በላብ ተጠምቆ ሁለቱንም ድመት ዘፈነልኝ። ትንፋሹን አትቁረጡ! ድምፅ የምታጸዱ ሰዎች ትንፋሽን እንደ ቆሻሻ ታዩታላችሁ። «ድመት» ከማለቱ በፊት የሳበው አየር 10 ፍሬም ነበር። እነዚያ 10 ፍሬሞች ላይ ወፍራሙ ድመት ደረቱ እንደ ፊኛ ሲነፋ፣ ትከሻው ሲነሳ፣ ጅራቱ ቀጥ ሲል ይታያል። ከዚያ በኋላ አፉ ምንም ይምሰል ምን ተመልካቹ ዘፈነ ብሎ ያምናል።

አፉን በተመለከተ፣ ኢንተርኔት ላይ ያሉት የአፍ ቅርጽ ሰንጠረዦች ለእንግሊዝኛ የተሠሩ ናቸው። ለኛ ፊደል ገበታው ራሱ ሰንጠረዥ ነው። ራብዕ ወለል ብሎ ይከፈታል። ካዕብ ትንሽ ክብ፣ ሳብዕ ትልቅ ክብ። ሣልስና ኃምስ ወደ ጎን ይሳባሉ፤ አንድ ስዕል ለሁለቱም ይበቃል። ግዕዝና ሳድስ ከፈት ያለ አፍ ነው። በእነዚህ ላይ ለመ፣ ለበ እና ለፐ የተገጠመ ከንፈር፣ ለፈ ደግሞ ጥርስ በከንፈር ጨመርኩ። ጠቅላላ ሰባት አፍ። ድመት ክራንቻ ስላላት «ፈ» ላይ ታምራለች፤ አለመታደል ሆኖ ግጥሜ ውስጥ አንድም ፈ የለም።

«ትስቅባታለች» የሚለውን ልውሰድ። «ትስቅ» ላይ ሦስት ሳድስ ተደርድረዋል። ለእያንዳንዱ አፍ ልሳል ብትል ድመቷ የምታኝክ ነው የምትመስለው። እኔ ከፈት ያለ አፍ ብቻ ይዤ አለፍኩ። ከ«ባ» በፊት ከንፈሯን ለሁለት ፍሬም አስገጠምኩ። ይህ ግዴታ ነው፤ ከንፈር ሳይገጥም «ባ» ከተሰማ የማንም ዓይን ይይዘዋል። ከዚያ «ባ» እና «ታ» ላይ ወለል። «ለች» ላይ አፉ እየተዘጋ ጭንቅላቷ ወደ ጨረቃ ይዞራል። ሁሉንም አፍ ደግሞ ከድምፁ ሁለት ፍሬም አስቀድሜዋለሁ። እኩል ሲሆኑ ለዓይን የዘገየ ይመስላል፤ የቆዩ አኒሜተሮች የሚያውቁት ነገር ነው።

ስዕሉን ክሪታ በሚባል የስዕል ፕሮግራም ነው የሠራሁት። ነፃ ነው፣ ድምፅ ያስገባል፣ ደከም ያለ ላፕቶፕ ላይ ግን ያንቀራፍፋል። ጀርባው አንድ ስዕል ብቻ ነው፤ ቆርቆሮ፣ ምሰሶ፣ ጨረቃ። እሱ ላይ ጊዜ አላጠፋሁም።

የቸገረኝ መጨረሻው ነው። የ1948ቱ ፊልም ሲያልቅ ፈንጂ ይፈነዳና ድመቱም ሰውየውም ይሞታሉ። ኤልመር አሁንስ ተገላገልኩ ሲል የድመቱ ዘጠኝ ነፍሳት አብረውት ወደ ላይ እየወጡ ከዶኒዜቲ «ሉቺያ ዲ ላመርሙር» ኦፔራ የስድስቱን ሰዎች ዘፈን ይዘፍኑለታል። በ1941ዱ ግን ፖርኪ በሕይወት ነው፣ የሚያስጨንቁት መናፍስቱ ናቸው። እኔ የ1948ቱን እመርጣለሁ፤ ሰው ሞቶም ከጎረቤቱ አለመገላገሉ ይበልጥ ያስቃል። ግን የኔን ፊልም ልጆች ስለሚያዩት ማንንም መግደል አልፈለግሁም።

ስለዚህ ጋቢ የለበሰ ሰውዬ ባትሪ ይዞ ይወጣል፣ ነጠላ ጫማውን አውልቆ ይወረውራል። ዘፈኑ ያልቃል። ጫማው የሚያርፈው ከመጨረሻው ምት በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ እርምጃውም፣ ጅራቱም፣ የቆርቆሮው ኳኳታም አንድ ሳይቀር ምቱ ላይ ነበር። ጫማው በ6 ፍሬም ሲዘገይ ከምቱ ጋር ይገጥምና ዘፈኑ የቀጠለ ይመስላል። በ3 ደግሞ ድምፁ የተዛነፈ ነው የሚመስለው። በ10 ፍሬም ሳደርገው ልጆቹ ሳቁ፤ እዚያው ተውኩት።