እሳቱን ማን ይለኩሳል? የቤንዚንና የናፍታ ሞተርን እየፈታሁ የተማርኩት

ጋራዥ ስሄድ "ቴስታታው ነው"፣ "ፖምፓው ነው" ይሉኛል። ከፋዩ እኔ ነኝ፤ የሚወራው ግን አይገባኝም ነበር። (ቴስታታ የሲሊንደሮቹ ክዳን ነው፣ ፖምፓ ደግሞ ነዳጁን የሚገፋው ፓምፕ።) ስለዚህ ሞተርን ከሥር ጀምሬ ለመማር ወሰንኩ። የድሮ ኮሮላ ዲኤክስ አለኝ፣ ቤንዚን ነው። አጎቴ ደግሞ ገጠር የሚመላለስበት ናፍታ ሃይሉክስ አለው። ሁለቱን ጎን ለጎን እያየሁ፣ ማታ ማታ እያነበብኩ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ የበሰለ መካኒክ አጠገብ እየቆምኩ ነው የተማርኩት። በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም ከተከለከለ ወዲህ እጃችን ላይ ያሉት አሮጌ ሞተሮች ገና ብዙ ዓመት ሊያገለግሉን ነው። እንግዲህ ደህና አድርገን እንወቃቸው።

የመጀመሪያው ሥራዬ ሞተሩን በእጅ ማዞር ነበር። መካኒኩን "ጋሼ፣ ከየት ልጀምር?" ስለው "መጀመሪያ ሲዞር እየው፣ መጽሐፉ ይደርሳል" አለኝ። የኮሮላውን ባትሪ ነቀልኩ፣ አራቱንም ካንዴላ (ብልጭታ ሰጪውን) ፈታሁ፣ የቫልቩን ክዳን አነሳሁ። ከዚያ የክራንክ ሻፍቱን (የሞተሩን ዋና ተሽከርካሪ ዘንግ) ቡሎን በቁልፍ ይዤ ቀስ ብዬ አዞርኩት። በካንዴላው ቀዳዳ ቀጭን የፕላስቲክ ዘንግ አስገብታችሁ ብትይዙ ፒስተኑ ሲወጣና ሲወርድ ይታያል። ሲወርድ የመግቢያው ቫልቭ ይከፈትና ሲሊንደሩ ይስባል። ሲወጣ ሁለቱም ቫልቮች ተዘግተው ይጨምቃል። እሳቱ ሲነሳ ፒስተኑ ተገፍቶ ይወርዳል፣ ጉልበቱ የሚገኘው እዚህ ላይ ነው። መልሶ ሲወጣ የመውጫው ቫልቭ ተከፍቶ ጭሱን ያስወጣል። አራት ምት፣ ሁለት የክራንክ ሻፍት ዙር። ጀርመናዊው ኒኮላውስ ኦቶ በፈረንጆቹ 1876 ሠርቶ ያሳየው ይሄንኑ ነው። ከአራቱ ምት ጉልበት የሚሰጠው አንዱ ብቻ ነው፤ ሦስቱን የሚያሻግሩት ፍላይዊሉ (ከክራንክ ሻፍቱ ጋር የሚዞረው ከባድ ጎማ መሰል ዲስክ) እና ሌሎቹ ሲሊንደሮች ናቸው።

ናፍታውም አራት ምት ነው። ፒስተን አለው፣ ቫልቭ አለው፣ ክራንክ ሻፍት አለው። ታዲያ ልዩነቱ ምኑ ላይ ነው? አንድ ጥያቄ ላይ ነው፤ እሳቱን ማን ይለኩሳል? ይሄን ጥያቄ አጥብቄ ከያዝኩ በኋላ የቀረው ሁሉ እየተከተለ መጣ።

በቤንዚን ሞተር አየሩና ቤንዚኑ ተቀላቅለው ይገባሉ። የእኔ ዲኤክስ ድብልቁን ወደ ዘጠኝ እጥፍ ገደማ ይጨምቀዋል፣ ከዚያ ካንዴላው ብልጭ ሲል ይቀጣጠላል። ከዚያ አብዝቶ ቢጨምቀው ድብልቁ ካንዴላውን ሳይጠብቅ በራሱ ይነሳና ሞተሩ ማንኳኳት ይጀምራል፤ ሲብስ ፒስተን ይበላል። በናፍታ ሞተር ግን መጀመሪያ የሚገባው አየር ብቻ ነው። የድሮዎቹ የሃይሉክስ ናፍታ ሞተሮች አየሩን ከሃያ እጥፍ በላይ ይጨምቁታል። የብስክሌት ጎማ ስትነፉ ፓምፑ ሥሩ ይግላል አይደል? እዚህም ያው ነው፣ ግን ሙቀቱ ከ500 ዲግሪ ሴልሺየስ ያልፋል። ልክ በዚያች ቅጽበት ኖዝሉ ናፍታውን አድቅቆ ይረጨዋል፣ ናፍታውም በራሱ ይቀጣጠላል። ሩዶልፍ ዲዝል ጀርመን አውግስቡርግ ውስጥ በ1897 ያሳካው ሐሳብ ይሄ ነው።

ይሄ በደንብ የገባኝ ግን መኪና ላይ ሳይሆን ወፍጮ ቤት ነው። መብራት ባልደረሰበት ገጠር እህል የሚፈጨው በናፍታ ሞተር ነው፤ ድምፁ ከሩቅ ይሰማል። አጎቴ ጋ ስሄድ ያየሁት ባለ አንድ ሲሊንደር ነው፣ ግራና ቀኝ ትልልቅ ፍላይዊል ያለው። ባትሪ የለው፣ ካንዴላ የለው፣ አንድ የኤሌክትሪክ ሽቦ እንኳ የለው። ሰውዬው ቫልቩን ከፍቶ የሚይዘውን ትንሽ ማንሻ ገፋ፣ ማኖቬላውን (የእጅ ማዞሪያውን) ይዞ እየፈጠነ እየፈጠነ አዞረ፣ ፍላይዊሉ ኃይል ሲይዝ ማንሻውን ለቀቀው። ዱፍ፣ ዱፍ፣ ዱፍ። ተነሳ! ቫልቩ ክፍት ሆኖ ኮምፕሬሽን (የአየር መታመቅ) ስለሌለ መጀመሪያ በእጅ መዞር ቻለ፣ ቫልቩ ሲዘጋ ደግሞ አየሩ ታምቆ ጋለና እሳቱን ለኮሰ። ሲያጠፋውም ቁልፍ አልነካም፤ ናፍታውን ብቻ ከለከለው። ስለ ናፍታ ሞተር ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ነገር አላውቅም።

ከዚህ በኋላ የመኪናው ነገር ሁሉ ግልጽ ሆነልኝ። ናፍታው የሚከብደው ያንን ግፊት መቻል ስላለበት ነው፤ ብሎኩም፣ ፒስተኑም፣ ሞተሪኖውም (ማስነሻው)፣ ባትሪውም ከቤንዚኑ ይገዝፋሉ። ቤንዚኑ ላይ ነዳጅ መስጫውን ስትረግጡ የሚከፈተው የአየር በር ነው። የድሮ ናፍታ ላይ ግን አየሩ እንደልቡ ይገባል፣ እግራችሁ የሚያዘው የናፍታውን መጠን ብቻ ነው። ለዚህ ነው ናፍታ መኪና ቁልቁለት ላይ እግር ሲነሳ እንደ ቤንዚኑ ቆንጠጥ አድርጎ የማይዘው። ለዚህም ነው እንደ አይሱዙ ያሉት የጭነት መኪናዎች ጭስ ማውጫውን የሚዘጋ የሞተር ፍሬን የሚገጠምላቸው። ሌላም አለ። ቤንዚን መኪና የፍሬኑን ማገዣ የሚያንቀሳቅሰው ሞተሩ በሚፈጥረው ቫክዩም ነው፤ ናፍታው ያ ስለሌለው የራሱ የቫክዩም ፓምፕ አለው። የአጎቴ ሃይሉክስ ላይ ፓምፑ ዲናሞው ጀርባ ላይ ነው የተገጠመው። ዲናሞ ሲበላሽ ዝም ብሎ የቤንዚኑን ገዝቶ መግጠም የፍሬኑን ማገዣ ማሳጣት ነው ማለት ነው።

አሁን ወደ ከፍታው ልምጣ፣ ምክንያቱም የመኪናው መመሪያ ስለ እኛ አገር አይነግራችሁም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር በላይ ናት። እዚህ ያለው የአየር ግፊት የባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ቱርቦ (አየር በግፊት ወደ ሞተሩ የሚያስገባ ዕቃ) የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አሥር በመቶ ያህል ያጣል። ኮምፕሬሽን ስትለኩም ይሄን አስቡ፤ መመሪያው 12 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) የሚል ከሆነ ጤነኛው ሞተር እዚህ 9 አካባቢ ሊያሳይ ይችላል። "ሞተሩ አልቋል፣ ይፈታ" ከማለት በፊት አራቱ ሲሊንደሮች እርስ በርስ መቀራረባቸውን እዩ። ጎን ለጎን ያሉ ሁለቱ ብቻ ከወረዱ የቴስታታው ጋስኬት ነው የሚጠረጠረው። አንዱ ብቻ ከወረደ ደግሞ በቤንዚን ሞተር ትንሽ የሞተር ዘይት ጠብ አድርጋችሁ ድጋሚ ለኩ፤ ከጨመረ የፒስተን ፋሻ (ፒስተኑን የከበበው ቀለበት) ነው፣ ካልጨመረ ቫልቩን ጠርጥሩ። ይሄን የዘይት ሙከራ ናፍታ ላይ አታድርጉ፤ ቦታው በጣም ጠባብ ስለሆነ ዘይቱ ራሱ ጉዳት ያመጣል። የቤንዚን ሞተር የኮምፕሬሽን መለኪያም ናፍታ ላይ አይገጠምም፣ የናፍታው ግፊት 30 ባር አካባቢ ይደርሳል።

ካርቡራተር (ቤንዚኑን ከአየር የሚቀላቅለው ዕቃ) ላይም ከፍታው ይታያል። ለባሕር ወለል የተስተካከለ ካርቡራተር እዚህ ሲመጣ አየሩ ስለሚሳሳ ቤንዚኑ ይበዛበታል፤ ካንዴላው ጥላሸት ለብሶ ይወጣል። እኔ ለአዲስ አበባ አስተካክያለሁ፣ የካንዴላውንም ሰዓት (ብልጭ የሚልበትን ቅጽበት) ትንሽ አስቀድሜዋለሁ። ወደ አዋሽና አፋር ስወርድ ግን እመልሰዋለሁ፣ አለዚያ ሙቀቱና የወፈረው አየር ተባብረው ያንኳኩታል። ቱርቦ የሌለው አሮጌ ናፍታ ደግሞ ከአባይ በረሃ ወደ ጎሃ ጽዮን ሲወጣ አይታችሁታል፣ ጥቁር ጭስ እየተፋ ነው። የአየሩ መጠን ቀነሰ፣ ፖምፓው ግን የሚሰጠውን ናፍታ አልቀነሰም። ብዙ ሾፌር ጉልበት እንዲጨምርለት ፖምፓውን ያስከፍታል፣ ማለትም የሚሰጠውን ናፍታ ያስጨምራል፤ እኔ ይሄን አጥብቄ እቃወማለሁ። የሚቃጠልበት አየር የሌለው ናፍታ የሚሆነው ጭስና ሙቀት ነው፣ የሚተነፍሰውም መንገድ ዳር ያለው ሕፃን ነው።

ከጭሱ ብዙ ይነበባል። ጥቁር ከሆነ ነዳጁ ከአየሩ በዝቷል፤ መጀመሪያ የአየር ማጣሪያውን እዩ፣ ከዚያ ኖዝሉን። ሰማያዊ ከሆነ የሞተር ዘይት እየተቃጠለ ነው። ነጭ ከሆነና ጠዋት ብቻ ከታየ፣ ሙቀት ያላገኘ ናፍታ ሳይቃጠል እየወጣ ነው። ደብረ ብርሃን ባደረ ናፍታ መኪና ላይ ይሄ የተለመደ ነው፤ ማሞቂያ ካንዴላዎቹን በመለኪያ ፈትሹ። ሞተሩ ሞቆም ነጭ ጭሱ ካልቆመና የራዲያተሩ ውኃ ከቀነሰ ጉዳዩ ቴስታታ ነው።

ናፍታ አልቆበት ከቆመ መኪና ጋር የተያያዘውን ነገር ደግሞ ሁሉም ባለ ናፍታ ቢያውቅ ደስ ይለኛል። ቤንዚን ሲያልቅ ጨምራችሁ ትሄዳላችሁ። የድሮው ናፍታ ግን አየር ይወስዳል። አየር ታምቆ ይሸበሸባል እንጂ ኖዝሉን ገፍቶ አይከፍትም፣ ስለዚህ ሞተሪኖውን ባትሪው እስኪሞት ብታዞሩት አይነሳም። ሃይሉክሱ ላይ ፊልትሮው አናት ላይ ያለውን የእጅ ፓምፕ እስኪጠነክር ተጫንኩ፣ ወደ ኖዝል የሚሄዱትን ቱቦዎች ዳዶ በትንሹ አላላሁ፣ ሰው ሞተሪኖውን ሲያዞርልኝ አረፋው አልቆ ንጹህ ናፍታ ሲመጣ አጠበቅኳቸው። ወዲያው ተነሳ። እጃችሁን ኖዝል ፊት በፍጹም አታድርጉ። የድሮዎቹ እንኳ ከ100 ባር በላይ ነው የሚረጩት፤ ናፍታው ቆዳ በስቶ ይገባል፣ ቁስሉ ትንሽ ቢመስልም ሐኪም ቤት በፍጥነት የሚያስኬድ ነው።

አሁን አንድ ሞተር አልነሳ ሲል በቅደም ተከተል ነው የማየው። ቤንዚን ከሆነ ካንዴላው ብልጭታ አለው ወይ፣ ቤንዚን ይደርሳል ወይ፣ ኮምፕሬሽን አለ ወይ፣ ሰዓቱ ልክ ነው ወይ እላለሁ። ናፍታ ከሆነ ብልጭታው ይቀርና ናፍታው ያለ አየር ይደርሳል ወይ፣ ማሞቂያው ይሠራል ወይ፣ አየሩ እስኪግል ይታመቃል ወይ። ይሄን ሳላይ ዕቃ አልገዛም።

ቀጥሎ የያዝኩት ኮመን ሬይል ያላቸውን አዳዲሶቹን ናፍታዎች ነው። መርሁ ያው ነው፣ አየሩ ግሎ ናፍታውን ይለኩሳል። ናፍታው ግን እስከ 1,500 ባርና ከዚያ በላይ በሚደርስ ግፊት ለኖዝሎቹ ሁሉ የጋራ በሆነ ቱቦ (ኮመን ሬይል) ውስጥ ይጠብቃል፣ ኖዝሉን የሚከፍተውም ኮምፒውተር ነው። እነዚህ ላይ ሞተሩ እየሠራ ዳዶ ማላላት የለም። መጀመሪያ በዲያግኖስቲክ ማሽን ግፊቱን አንብቡ፣ ሞተሩን አጥፍታችሁ ግፊቱ እስኪወርድ ጠብቁ፣ ከዚያ ነው ቁልፍ የሚነሳው።