አምባሳደር የማን አምባሳደር ነው?

ይህን የምጽፈው እሁድ ማታ ነው። መብራት መጥቷል፣ ውሃ ግን ገና ነው። ባልዲዎቹን ደርድሬ እየጠበቅሁ ስለሆነ ጊዜ አለኝ።

ነገሩ የጀመረው ባለፈው ሳምንት መገናኛ ላይ ነው። ከአባዶ ወርደን ታክሲ ልንቀይር ቆመናል። ረዳቱ ግማሽ አካሉን በመስኮት አውጥቶ "አምባሳደር! አምባሳደር! ሁለት ሰው!" ይላል። የዘጠኝ ዓመቷ ልጄ እጄን ሳብ አደረገችኝ።

"አባዬ፣ አምባሳደር የማን አገር አምባሳደር ነው?"

ከኋላችን የቆሙ እናት ሳቁ። እኔም ሳቅሁ።

"ሲኒማ ቤት ነው" አልኳት።

"ሲኒማ ቤት ደግሞ ሰፈር ይሆናል?"

ይሆናል። አዲስ አበባ ላይ ሆኗል። መርካቶ ሄዶ "ሲኒማ ራስ ጋ ጠብቀኝ" ያላለ ማን አለ? አብዛኛው ሰው እዚያ የሚሄደው ዕቃ ሊገዛ ነው፤ ፊልም ትዝም አይለው። "ብሔራዊ ወራጅ አለ" ስንልም ቲያትሩን መጥራታችን ነው፤ "ቲያትር" የምትለዋ ቃል በብዙ አፍ ስትመላለስ ተንጠባጥባ ቀረች እንጂ። የፒያሳ ሰውማ ቀጠሮው ሁሉ ሲኒማ ኢትዮጵያ በር ላይ ወይ አምፒር ጋ ነበር። ቤቶቹ ፊልም ሳያሳዩም ሰው ያገናኛሉ።

የእኛን ሰፈር ደግሞ እዩት። የካ አባዶ ከአያት ወዲያ፣ ለገጣፎን ተጠግቶ ያለ የኮንዶሚኒየም አገር ነው። "የት ነህ?" ስትባል ቁጥር ትናገራለህ። ብሎክ ይህን ያህል፣ ከታንከሩ ጀርባ፣ ሁለተኛው ደረጃ። ቤተ ክርስቲያን አለ፣ መስጊድ አለ፣ ሥጋ ቤትማ አይቆጠርም። ኳስ የሚያሳዩ ዲኤስቲቪ ቤቶች አሉ። ያን ሁሉ ሕዝብ ግን በአንድ ጨለማ ውስጥ አስቀምጦ የሚያስቅ አዳራሽ የለም። እስከዚያ ቀን ልብም አላልኩት።

እውነቱን ልናገር፤ እኔም የሲኒማ ቤት ልጅ አይደለሁም። ያደግሁት ቪዲዮ ቤት ነው። የጭቃ ቤት፣ መስኮቱ በማዳበሪያ የተጋረደ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ጉልበት ለጉልበት ተጣብቀን። በር ላይ ጥቁር ሰሌዳ አለ፤ የቀኑ ፊልም በጠመኔ ተጽፎ፣ ስሙ ሁልጊዜ ተሳስቶ። መግቢያው ሃምሳ ሳንቲም። ወሳኙ ቦታ ላይ መብራት ሲሄድ የሚሰማው ፉጨት እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። "ብራችንን!" እንላለን፤ ባለቤቱ "ይመጣል፣ ይመጣል" ይላል። አንዳንዴ ይመጣል።

ስለ ትልልቆቹ ቤቶች ያስተማሩኝ ጎረቤታችን ናቸው። ጋሼ ነው የምንላቸው ሁላችንም። ምድር ቤት ነው የሚኖሩት፤ ከመሃል ከተማ ነው የመጡት። ለረጅም ዓመት ሲኒማ ቤት ውስጥ ኦፕሬተር ነበሩ፤ ፊልሙን የሚያዞሩት እሳቸው ናቸው። የታክሲዋን ጥያቄ ስነግራቸው አልሳቁም። ተነሥተው ከአልጋ ሥር አንድ ክብ ቆርቆሮ አወጡ። የፊልም ቆርቆሮ ነው። አሁን የውሃና የመብራት ደረሰኝ ነው የሞላው። ከሥሩ ግን ከአንድ ክንድ የማይበልጥ የፊልም ቁራጭ ነበር።

ቆርቆሮው ሲከፈት አቼቶ ሸተተን። ልጄ "ሰላጣ ሰላጣ ይላል" አለች። ጋሼ "አዎ፣ ሲያረጅ እንደዚያ ነው" አሏት። የዚያ ዓይነት ፊልም ሲበሰብስ የሚያወጣው አሲድ ራሱ ያ አቼቶ ውስጥ ያለው ነው፤ አንዴ ከጀመረ ማቆም አይቻልም፤ ማድረግ የሚቻለው ቀዝቃዛና ደረቅ ቦታ አስቀምጦ ማዘግየት ብቻ ነው። የጋሼ ቁራጭ አልጋ ሥር ነው የኖረው።

ቁራጩን መስኮት ላይ ዘርግተን አየነው። አንድ ሴት በር ትከፍታለች። ቀጥሎ ያው ሴት፣ ያው በር። ቀጥሎም ያው። ልጄ "አንድ ዓይነት ነው እኮ" አለች፣ ቅር ብሏት። "ቁጠሪ" አሏት። ሃያ አራት ስትደርስ "በቃ፣ አንድ ሰከንድ አለፈ" አሏት። የሴትየዋ እጅ በዚያ ሁሉ ምስል ውስጥ የጣት ስፋት ያህል ነው የተንቀሳቀሰው።

ከዚያ ወዲያ ጋሼን ማን ያስቆማቸው። አንድ ጥቅል ሃያ ደቂቃ ገደማ ነው የሚሄደው። የሁለት ሰዓት ፊልም ስድስት ሰባት ጥቅል ይሆናል። ስለዚህ ማሽኑ ሁለት ነው፤ አንዱ ሲያልቅ ሌላው ይረከባል፣ ተመልካቹ ምንም ሳይሰማው። መብራቱ አምፖል እንዳይመስልህ አሉኝ። ሁለት የከሰል ዘንጎች ናቸው ጫፍ ለጫፍ ተጠጋግተው የሚያበሩት። እየነደዱ ስለሚያጥሩ ኦፕሬተሩ በየጊዜው ማጠጋጋት አለበት። ከረሳ ስክሪኑ ይጠቁራል፣ አዳራሹ ያፏጫል። ጭሱን የሚያወጣ ጭስ ማውጫ ነበረው ክፍሉ። ትንሿ መስኮት ላይ ደግሞ እሳት ቢነሣ ዱብ ብሎ የሚዘጋ የብረት መዝጊያ። ድሮ፣ እስከ 1950ዎቹ መጀመሪያ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር፣ ፊልም የሚሠራበት ነገር እንደ ባሩድ የሚቀጣጠል ነበርና።

"ሁለተኛውን ማሽን መቼ እንደሚያስነሡ በምን ያውቃሉ?" አልኳቸው።

"ነጥብ አለች" አሉ። ከላይ፣ በስተቀኝ ጥግ፣ ብልጭ የምትል ክብ ነጥብ። የመጀመሪያዋ ስትታይ ሁለተኛውን ሞተር ታስነሣለህ። ሰባት ሰከንድ ገደማ ቆይታ ሌላዋ ትመጣለች፤ ያን ጊዜ ትቀይራለህ። ይህን ሲሉ ቀኝ እጃቸው ብቻውን ወደ ታች ወረደ፣ የሌለ ማንሻ ይዞ።

"ሕዝቡ አያያትም?"

"የሚያያት ኦፕሬተር ብቻ ነው። ቤቴም ቴሌቪዥን ሳይ እጄ ይነሣል።"

ይኸው ቅዳሜ ተያይዘን ወረድን። ከአያት በባቡር እስከ ስታዲየም፣ ከዚያ በእግር። ብሔራዊ ቲያትር ፊት ለፊት፣ የአንበሳው ሐውልት ጋ ስንደርስ ጋሼ ትንሽ ማረፍ ፈለጉ። ቆመን ሳለ ለልጄ የሕንፃውን ታሪክ ነገርኳት። ጣልያን ሲኒማ ሊያደርገው ጀምሮት ሳይጨርሰው ተባረረ። በኋላ 1948 ዓ.ም. ለንጉሡ 25ኛ ዓመተ ንግሥ ተጠናቆ፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስም ቲያትር ሆኖ ተከፈተ። ይህ ነገር ሁሌ ይገርመኛል። ወራሪ የጀመረውን ግንብ የአማርኛ ተውኔት ወረሰው። "ጣልያን የሠራው ነው፣ ምን ያደርግልናል" የሚል ሰው ሲገጥመኝ ይሄን ነው የማነሣው። ደግሞስ አዲስ አበባ ለመጀመሪያው ሲኒማ ቤቷ "የሰይጣን ቤት" ብላ ስም ያወጣች ከተማ አይደለችም? ሰይጣኑን ተላምደን ቀጠሮ መስጫ አደረግነው።

ጋሼ ሌላውን ጨመሩ። በደርግ ጊዜ ሲኒማ ቤቶቹ ተወረሱ፣ ሥራው ግን አልቆመም። ከዚያ በ1990ዎቹ በቪዲዮ ካሜራ የተቀረጹ የአማርኛ ፊልሞች ሲመጡ ሰልፉ መንገድ ይዘጋ ነበር። እሱን እኔም አስታውሳለሁ። የቀጠርኳት ልጅ ሳትመጣ ቀርታ ትኬቴን ለማላውቀው ሰው ሸጫለሁ፣ በትርፍ።

የገባንበትን ቤት ስም አልጽፍም፤ ላማው አልፈልግም። ወንበሩ አርጅቷል፣ የእኔው ሽቦ ነበረው። ሽንት ቤቱን ተዉት። ከሰላሳ አንበልጥም፣ አዳራሹ ብዙ መቶ የሚይዝ ነው። ግን ወለሉ! ከኋላ ወደ ፊት ቀስ ብሎ ይወርዳል፤ ልጄ የማንንም ጭንቅላት ሳትታገል አየች። አስተናጋጇ ባትሪ ይዛ ቦታችንን አሳየችን፣ ያ ሁሉ ባዶ ወንበር እያለ። መብራቱ ሲጠፋ አንድ ሰው "እሽሽ" አለ። ሰላሳ ሰው ነን፣ ደግሞ ጸጥ አልን። እቤት ያን ቴሌቪዥን ስናይ ግን አምስት ሆነን ጸጥ ብለን አናውቅም።

ጋሼ ፊልሙን አላዩም ማለት ይቻላል። ዞረው ዞረው ከኋላ ያለችውን ትንሽ መስኮት ነበር የሚያዩት። ብርሃኑ ከዚያው ከድሮው ቀዳዳ ነው የሚወጣው፤ ማሽኑ ግን ዲጂታል ነው፣ ከሰልም ጥቅልም የለው። ልጄ ደግሞ ዓይኗን ከቀኙ ጥግ አልነቀለችም። ስንወጣ "አንድም ነጥብ የለም፣ ዋሽተውኛል" አለቻቸው። "አሁን አያስፈልግማ፣ የኔ ልጅ" አሏት። ትንሽ ዝም ብለው ሄዱ።

በባቡር ስንመለስ ሒሳብ አወጣሁ። እኔ ፒያሳ በ2016 ሲፈርስ ፌስቡክ ላይ የድሮ ፎቶ እየለጠፍኩ ካለቀሱት አንዱ ነኝ። መቶ ምናምን ላይክ አግኝቻለሁ። ሲኒማ ቤት ትኬት የገዛሁት መቼ ነው ብል ግን ከኮሮና በፊት ነው። ትኬቱ ደግሞ ከሁለት ማኪያቶ ብዙም አይርቅም። ቅርስ ይጠበቅ የሚል ሰው መጀመሪያ ወንበሩ ላይ ይቀመጥ፣ ሽቦውም ይውጋው። ግንቡን አቁሞ ውስጡን ሱቅ በሱቅ የሚያደርገውንም ሐሳብ አልወደውም። ተዳፋቱ ወለል ከተደለደለ፣ ያቺ ትንሽ መስኮት ከተደፈነች የቀረው ፊት ለፊቱ ብቻ ነው። አስመራ ላይ ሲኒማ ኢምፔሮ በ1937 እ.ኤ.አ. የተሠራ ነው፤ ከተማዋ ከነሥነ ሕንፃዋ በ2017 እ.ኤ.አ. ዩኔስኮ መዝገብ ላይ ሰፍራለች። ጎንደርም የጣልያን ዘመን ሲኒማ ቤት አለ። እኛ ስንት አለን ብዬ በጣቴ ስቆጥር አንድ እጅ ሳልጨርስ አያት ደረስን።

ይህ ትናንት ነው። ዛሬ ከሰዓት ባልዲ ሳጥብ ልጄ ሳሎን ሆና ከዲሹ ቻናሎች አንዱ ላይ ጥቁርና ነጭ ፊልም ከፍታለች። ምን እንደሚሉ አይገባትም። እኔም ልብ አላልኩም። በድንገት ጩኸቷ ደረጃው ድረስ ተሰማ።

"አባዬ! ነጥቧ! ነጥቧ መጣች!"

በእርጥብ እጄ ሮጬ ገባሁ። "ቆይ፣ ሁለተኛዋ አለች" አለችኝ፤ በቀኝ እጇ ጋሼ የያዙትን የሌለ ማንሻ ይዛ፣ በአፏ እየቆጠረች። አምስት፣ ስድስት። አተኩሬ አየሁ። እጇ ወረደ።

እኔ አላየኋትም።