በፕሬስ ማሽን የደረሰ አደጋና የሪፖርቱ ጣጣ

በአንድ የብረታ ብረት ፋብሪካ የሠራተኞች የደኅንነት ተወካይ ሆኜ በማገለግልበት ወቅት የገጠመኝን አደጋ የምጽፈው፣ ከጉዳቱ በኋላ የሚሞላ ቅጽ የተጎዳውን ሰው ዳግመኛ ሊጎዳው እንደሚችል ያየሁበት በመሆኑ ነው።

በሌሊት ፈረቃ ላይ የነበረ አንድ ወጣት ኦፕሬተር ቆርቆሮን ተጭኖ ቅርጽ በሚያስይዘው የፕሬስ ማሽን ውስጥ የተቀረቀረ ቆርቆሮ ለማውጣት እጁን ሲያስገባ ማሽኑ ወርዶ የቀኝ እጁን ሁለት ጣቶች ቆረጠበት። ባልደረቦቹ የሚገባውን ሁሉ አድርገውለታል። አንዱ ሮጦ የማቆሚያ ቁልፉን ሲጫን፣ ሌላዋ ቁስሉን በንጹሕ ጨርቅ አጥብቃ ይዛ እጁን ከፍ አደረገችለት። የተቆረጡትን ጣቶች በእርጥብ ንጹሕ ፋሻ ጠቅልለው በፕላስቲክ ከረጢት አሸጉና ከረጢቱን በረዶ የተጨመረበት ውኃ ውስጥ አስቀመጡት። በረዶ ሥጋን በቀጥታ ሲነካ ስለሚጎዳው ይህ አያያዝ ትልቅ ዋጋ አለው፤ ከጣቶቹ አንዱን መልሶ መስፋት ተችሏል።

ጠዋት ፈረቃ ሲቀየር የተሞላው ሪፖርት ግን የአደጋውን ምክንያት «የሠራተኛው የጥንቃቄ ጉድለት» ብሎ ዘጋው። ማሽኑን ማንም ሳይነካው ለማየት ስንሄድ፣ የመከላከያ በሩ ሲከፈት ማሽኑን ማቆም የነበረበት ስዊች በሽቦ ታስሮ አገኘነው። በሩ ክፍት ሆኖም ማሽኑ እንደ ተዘጋ ቆጥሮ ይሠራ ነበር ማለት ነው። ሽቦው ዝጎ ስለነበር የዚያች ሌሊት ሥራ አለመሆኑ ግልጽ ነበር። ፎቶግራፍ አነሳን፤ የጥገና መዝገቡንም ስናገላብጥ ስዊቹ መበላሸቱን ኦፕሬተሮች ቀደም ብለው ማመልከታቸውን፣ የተሰጣቸውም መልስ «ምርት እንዳይቆም ለጊዜው ይታሰር» የሚል መሆኑን አነበብን።

ልጁን ልጠይቀው ሐኪም ቤት ስሄድ፣ ዓይኑን ከፋሻው ሳያነሣ «ጋሼ፣ እጄን ያስገባሁት እኔው ነኝ፤ በምን ፊቴ ካሳ እጠይቃለሁ?» አለኝ። እንዲህ ያለው እምነት በብዙ ሠራተኞች ዘንድ ሥር የሰደደ በመሆኑ ያሳዝነኛል። ጀርመን እ.ኤ.አ. በ1884 ባወጣችው የአደጋ መድን ሕግ የተጎዳ ሠራተኛ የአሠሪውን ጥፋት ማስረዳት ሳይጠበቅበት ክፍያ እንዲያገኝ ከደነገገች ወዲህ ይኸው መርሕ በብዙ አገሮች ሕግ ውስጥ ገብቷል። ሆን ብሎ ራሱን የጎዳ ሰው ጉዳይ የተለየ ነው፤ በሥራ ጥድፊያ መካከል እጅን ማስገባት ግን ከዚያ ጋር የሚደመር አይደለም። የዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. የ1964 ስምምነት ቁጥር 121ም ሕክምናን፣ ሥራ መሥራት ለተሳነው ሰው የገንዘብ ክፍያን እንዲሁም ሠራተኛው ቢሞት የቤተሰቡን ድጎማ ያካትታል።

እ.ኤ.አ. በ1963 የወጣው የዚሁ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 119 ደግሞ መከላከያው በቦታው በሌለበት ማሽን ላይ ሠራተኛ እንዳይሠራ፣ እንዲሠራም እንዳይታዘዝ ይከለክላል። እ.ኤ.አ. ከ1981ዱ ስምምነት ቁጥር 155 ጋር አብሮ ሲነበብ፣ ሕይወቱን ወይም ጤናውን የሚያሰጋ ከባድና ቅርብ አደጋ መኖሩን በበቂ ምክንያት አምኖ ከሥራው ገለል ያለ ሠራተኛ በዚህ ሰበብ ሊጎዳ አይገባውም። ስምምነቶቹ የሚያስገድዱት ያጸደቋቸውን አገሮች ቢሆንም፣ ያን ስዊች እንዲያስሩ ለታዘዙት ሰዎች ይህን ቀድሞ የነገራቸው አልነበረም።

ፎቶግራፉንና የመዝገቡን ቅጂ አያይዘን፣ የሌሊቱ ፈረቃ ሠራተኞችም በየፊርማቸው መስክረው ሪፖርቱ እንዲታረም ጠየቅን። አስተዳደሩ መጀመሪያ ቢያንገራግርም ምክንያቱን «ከሥራ ውጭ የተደረገ የመከላከያ ስዊች» ብሎ አስተካከለው፤ የሕክምናው ወጪና ያረፈበት ጊዜ ደመወዝም ተከፈለ። ፕሬሱ ሁለት እጆች በአንድ ጊዜ ካልተጫኑት የማይወርድበት የማስነሻ ቁልፍ ተገጠመለት። የዘላቂ ጉዳቱ መጠን ግን ገና አከራካሪ ነው፤ የተሰፋው ጣት አለመታጠፉ ተመዝግቦ የእጁ የመጨበጥ አቅም እንደገና እንዲለካ ልጁ ለሐኪሞች ቦርድ አመልክቷል።