ራስ ምታት በዳርምሽታት

እሑድ ቀን ጀርመን ውስጥ ራሳችሁን እንዳያማችሁ። እኔን አሞኛል።

ፍራንክፈርት የአክስቴ ልጅ ቤት ነው ያደርኩት። ማደር ከተባለ። ሶፋው ያጥራል፣ የላይኛው ፎቅ ጎረቤት እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት ሲጨፍር ነበር። ጠዋት ራሴ ሊፈነዳ ደረሰ፣ ቤቱ ውስጥ አንዲት ኪኒን የለችም። «ሱፐርማርኬት አይሸጡትም፣ ፋርማሲው ደግሞ ዛሬ ዝግ ነው» አለችኝ። አዲስ አበባ ብሆን የሰፈሩ ሱቅ ሳሙና እየሸጠ ፓናዶል ያቀብለኝ ነበር። ፋርማሲስት ስለሆንኩ ይህን ስቃወም ነው የኖርኩት። ያን ቀን ግን ናፈቀኝ።

ባቡሩ ላይ ዓይኔን ጨፍኜ ዳርምሽታት ደረስኩ።

የሄድኩት የመልአክ ፋርማሲን ለማየት ነው። የዛሬው የመድኃኒት ኩባንያ የመርክ መነሻ ነው። የመርክ ቤተሰብ መድኃኒት ቤቱን የገዛው እ.ኤ.አ. በ1668 ነው። ወደ ፋብሪካ ያሳደገው ግን በ1816 የተረከበው ሃይንሪሽ ኢማኑኤል መርክ ነው። የሕመም ማስታገሻውን ሞርፊን ከኦፒየም፣ ማለትም ከፖፒ ተክል ጭማቂ፣ የለየው ሌላ ጀርመናዊ፣ ዘርቱርነር ነበር፤ ኢማኑኤል ከ1827 ጀምሮ እንዲህ ያሉትን ንጥረ ነገሮች አጥርቶ በብዛት ያመርት ጀመር። አያቴ ዳማ ከሴ በመዳፏ አሽታ ስትሰጠኝ አንዱ ቀን ያቃጥላል፣ ሌላው ቀን ሣር ሣር ይላል። ኦፒየምም እንደዚያው ነበር። አንዱ ያስተኛል፣ ሌላው ጭራሽ አያስነሣም። ንጹሑን ግን በሚዛን ትሰጠዋለህ።

የድሮው መሀል ከተማ በ1944 መስከረም በቦምብ ነዷል። ቀኑን ሳሰላው የእኛ ዕንቁጣጣሽ ሆኖ አገኘሁት። የሄሰኑ ታላቅ መስፍን የሉድቪግ ሐውልት ግን አሁንም ሉዊዘን አደባባይ ላይ ቆሟል። በ1844 ሲመረቅ ኢማኑኤል በሕይወት ነበር።

ፋርማሲው ዝግ። በሩ ላይ የተረኛ ፋርማሲዎች ስም ተለጥፏል፣ በጀርመንኛ። ውሻ ይዘው የሚያልፉ አንድ ሽማግሌ ግንባሬን መያዜን አይተው ቆሙ። በተሰባበረ እንግሊዝኛ «ተከተለኝ» አሉኝ። ሩብ ሰዓት ያህል አብረውኝ ሄዱ።

ተረኛው ደወል ተደውሎ በትንሽ መስኮት ነው የሚሸጠው። የእሑድ ተብሎ 2 ዩሮ ከ50 ተጨመረብኝ። አጉረመረምኩ። አገሬ ሌሊት ተረኛ ሆኜ ስሠራ ሰባራ ሳንቲም የጨመረልኝ የለም፤ ቅናትም ሳይሆን አይቀርም።

ውሃ አልያዝኩም። ሽማግሌው ከቦርሳቸው ጠርሙስ አወጡ። ለውሻው የያዙት ነው። ጠጣሁት።